የግሪክና የሮም ጥበብ ወራሾች እነማን ናቸው?

ሀብት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚጠየቀው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሟቹ ምን ትቶ አለፈ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ወራሹ በተቀበለው ሀብት ምን አደረገበት የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ለመመለስ ኑዛዜውን ማንበብ ይበቃል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ወደ ወራሹ ቤት ገብቶ ምን እንደ ሸጠ፣ ምን እንደ ጨመረ፣ ምንስ እንደ ቀበረ መመርመር ያስፈልጋል። የጥበብም ውርስ እንደዚሁ ነው። የግሪክና የሮም ሰዎች ባለቅኔዎቻቸውን፣ ፈላስፎቻቸውን፣ ታሪክ ጸሐፊዎቻቸውንና የሕግ ሊቃውንቶቻቸውን ለዓለም ትተው አልፈዋል። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ሕዝቦች ይህን ሀብት እንዴት ተቀበሉት? ምኑን አነሡ? ምኑንስ ጣሉ? ይህን የሚጠይቅ ትምህርት ዛሬ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ራሱን ችሎ ቆሟል። ስለ እርሱ ልንናገር የወደድነው፣ ነገሩ እየተከተሉት ሲሄዱ ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ ግዕዝ መጻሕፍት ስለሚያደርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ድካም ሁሉ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነበር። የሆሜር ቃል በትክክል የትኛው ነው? አፍላጦን በእርግጥ የጻፈው ምን ነበር? እያሉ የብራናዎችን ልዩነት በማመሳከር ኖረዋል። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ እርሱ ባይኖር የሚከተለውም ሊኖር ባልቻለ ነበር። ነገር ግን በ1967 ሐንስ ሮበርት ያውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ፣ በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ የመጻሕፍት ታሪክ በደራሲዎቹ ብቻ ሊጻፍ አይችልም፤ የአንባቢዎቹም ታሪክ አብሮ መጻፍ አለበት ሲል አሳሰበ። በ1993 ደግሞ እንግሊዛዊው ቻርልስ ማርቲንዴል ይህን ሐሳብ በሮማይስጥ ቅኔ ላይ አውሎ፣ የአንድ መጽሐፍ ትርጓሜ የሚፈጸመው ተቀባዩ በተቀበለው ጊዜ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1996 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የግሪክና የሮም ቴያትሮች በኋለኞቹ ዘመናት የት፣ መቼና እንዴት እንደ ታዩ የሚመዘግብ ማኅደር ተቋቋመ፤ በ2009ም ይህን ትምህርት ብቻ የሚመለከት መጽሔት መታተም ጀመረ። በዚህ ዓይነት ትምህርቱ እየጠና ሄዶ፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ለማስተርና ለዶክተር ማዕርግ የሚማሩ ሰዎች የሚሠማሩበት መስክ ሆነ።

ይህ ሐሳብ ለአውሮፓ አዲስ ነገር መስሎ ቢታይም፣ በመጽሐፍ ቤት ላደገ ሰው ግን ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የእኛ መምህራን አንዱን ገጸ ንባብ ካነበቡ በኋላ፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ትርጓሜውን ሲያወርዱት፣ ቃሉ በጸሐፊው እጅ ተዘግቶ የቀረ ነገር አለመሆኑን ማስተማራቸው ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱም መታወቅ አለበት። የአንድምታው መምህር ከአበው የተቀበለውን ትርጓሜ ጠብቆ ያስተላልፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግን ከውጭ ቆሞ፣ ይህ ትርጓሜ በምን ዘመን፣ በማን ፈቃድ፣ ስለ ምን ምክንያት ተነሣ ብሎ ይጠይቃል። አንደኛው ጠባቂ ነው፣ ሁለተኛው መርማሪ ነው። ሁለቱ ቢተዋወቁ እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሙ እንጂ የሚጣሉ አይደሉም።

በትምህርት ቤት የሚነገረው የተለመደው ታሪክ አጭር ነው። ጥበብ በግሪክ ተወለደች፣ በሮም አደገች፣ ከዚያም ብዙ መቶ ዓመታት አንቀላፍታ በኢጣልያ ነቃች ይባላል። እውነተኛው መንገድ ግን ከዚህ እጅግ የረዘመና የተጠማዘዘ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከተማ፣ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የተባለው ክርስቲያን ሐኪም የጋሌንን የሕክምና መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ሱርስትና ወደ ዓረብኛ መለሰ። በ12ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የክሬሞናው ጄራርድ እስከ ቶሌዶ ድረስ ሄዶ፣ የበጥሊሞስን የከዋክብት መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ሮማይስጥ ተረጐመ። እንግዲህ የጽርእ መጽሐፍ በዓረብኛ በኩል ዞሮ ወደ አውሮፓ ገባ ማለት ነው። አውሮፓም የብቻዋ ወራሽ ሳትሆን፣ ከብዙ ወራሾች አንዷ ነበረች።

በአፍሪካም ይህ ትምህርት ብዙ የሚያየው ነገር አለው። በናይጄርያ ኦላ ሮቲሚ በ1968 የሶፎክልስን የኤዲጶስ ታሪክ ወደ ዮሩባ አገርና ልማድ አምጥቶ ቴያትር አደረገው። ወሌ ሾይንካም በ1973 የኤውሪጲደስን ባካይ እንደ ገና ጽፎ አቀረበ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ታይቶ የነበረው ዘ አይላንድ የተባለው ቴያትር፣ ሁለት እስረኞች በደሴት ወኅኒ ውስጥ አንቲጎኔን ሊጫወቱ ሲዘጋጁ ያሳያል። ያች ከሁለት ሺሕ ዓመታት በፊት የንጉሥን ትእዛዝ አልፋ ወንድሟን የቀበረች ልጅ፣ በዘመናችን በዘር መለያየት ሕግ ፊት ቆማ ተናገረች። እነዚህን ሥራዎች የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከቅኝ ገዢዎች ትምህርት ቤት ነው፤ አፍሪካዊው የግሪክን መጽሐፍ ከእንግሊዝ ወይም ከፈረንሳይ መምህር እጅ ተቀበለ ይላሉ። ለናይጄርያና ለደቡብ አፍሪካ ይህ እውነት ነው። ለኢትዮጵያ ግን አይደለም። የእኛ አቀባበል ከዚያ ከሺሕ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ የመጣውም በገዢ እጅ ሳይሆን በንግድ፣ በሃይማኖትና በትርጉም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ድንጋዮች ናቸው። በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ፣ በዚያ ባሕር ዳርቻ ይገዛ የነበረው ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት የተማረ መሆኑን ይመሰክራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና ድሉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ በጽርእና በግዕዝ ቋንቋ አስጻፈው። ክርስትናን ሳይቀበል በፊት በተጻፈው ድንጋይ ላይ፣ ግዕዙ የማሕረም ልጅ ሲለው፣ ጽርኡ የአሬስ ልጅ ይለዋል። አሬስ የግሪኮች የጦር አምላክ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። የአክሱም ጸሐፊ ማሕረም የሚለውን ስም እንዳለ በግሪክ ፊደል ሊጽፈው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን የእንግዳውን አንባቢ አእምሮ አስቦ፣ በዚያ አገር ሰው ዘንድ የሚታወቀውን ስም ተካለት። ይህ የግሪክን ሃሳብ የሚያውቅ፣ ለራሱም ጉዳይ የሚጠቀምበት ሰው ሥራ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመትም ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ቆመው የነበሩትን ሁለት የጽርእ ጽሕፈቶች ለንጉሥ ካሌብ ገልብጦ ሰጥቷል። ከሁለቱ አንደኛው የግብጹ ንጉሥ የሣልሳዊ በጥሊሞስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነበር። የአክሱሙ ንጉሥ ታሪኩን በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ስፍራ ማስጻፉ፣ ራሱን ከማን ጋር ያስተካክል እንደ ነበር ያሳያል።

ከድንጋይ ወደ ብራና ስንመጣ መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከጽርእ ወደ ግዕዝ የመጣ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትና መጽሐፈ ቄርሎስ በዚህ መንገድ እንደ መጡ ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ፊሳልጎስ የተባለውም መጽሐፍ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ስሙ ራሱ የጽርእ ሲሆን፣ ፍችው ስለ ፍጥረት ባሕርይ የሚናገር ማለት ነው። አንበሳ ግልገሏን ሙት አድርጋ ትወልዳለች፤ አባቱ በሦስተኛው ቀን መጥቶ እፍ ሲልበት ይነሣል ይላል፤ ይህንንም በጌታ ትንሣኤ ይመስለዋል። ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት፣ በየአምስት መቶ ዓመቱ ስለምትታይ አንዲት ድንቅ ወፍ ከግብጾች የሰማውን ሲጽፍ፣ ነገሩን አላምነውም ብሎ ነበር። የፊሳልጎስ ጸሐፊ ግን ያችኑ ፊኒክስ የተባለች ወፍ ወስዶ የትንሣኤ ምሳሌ አደረጋት። ታሪክ ጸሐፊው የተጠራጠረበትን ነገር መምህሩ አስተማረበት። ወፏ አንዲት ናት፤ የቆመችበት ቅርንጫፍ ግን ተለወጠ። ይህን መጽሐፍ ፍሪትስ ሖመል በ1877 ከግዕዙ አሳትሞታል።

ሁለተኛው መንገድ በዓረብኛ በኩል፣ በተለይም በግብጽ ክርስቲያኖች እጅ የመጣው ነው። ይህንንም መንገድ አንድ ስም ብቻ ሊያስረዳን ይችላል። ግሪኮች ፕላቶን የሚሉት ፈላስፋ በእኛ መጻሕፍት አፍላጦን ይባላል። ዓረቦች ጰ የሚል ድምፅ ስለሌላቸው ስሙን አፍላጡን አሉት፤ ወደ ግዕዝም ሲሻገር ያንኑ ልብስ እንደ ለበሰ መጣ። በቀጥታ ከጽርእ የመጡት እንደ ጰራቅሊጦስና እንደ ኤጲስ ቆጶስ ያሉት ቃላት ግን ጰን እንደ ያዙ ቀርተዋል። አስተዋይ ተማሪ እንግዲህ መጽሐፉን ሳይገልጥ፣ በስሙ ብቻ የመጣበትን ጎዳና ሊያውቅ ይችላል። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ወደ ግዕዝ የመለሱት አንጋረ ፈላስፋ፣ የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ስም እየጠራ ምክርና ተግሣጽ ያስተምራል። በዚያ ውስጥ ያለው አርስጣጣሊስ ግን በአቴና የምናውቀው የሎጂክና የተፈጥሮ መርማሪ አይደለም፤ ለነገሥታትና ለልጆች ምክር የሚሰጥ ጨዋ ሽማግሌ ሆኗል።

እስክንድርም እንደዚሁ ተለውጧል። በግሪኮች ታሪክ ለአማልክት የሚሠዋ፣ ራሱንም የአሞን ልጅ ያሰኘ ድል አድራጊ ነበር። በ1896 ቫሊስ በጅ ባሳተመው የግዕዝ ዜና እስክንድር ውስጥ ግን አንድ እግዚአብሔርን የሚያመልክ፣ የሚጸልይ፣ ንጽሕናን የሚወድ ንጉሥ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው፣ ታሪኩ ተበላሽቷል ብሎ ይስቅ ይሆናል። ተመራማሪው ግን አይስቅም። ተርጓሚዎቹ በእስክንድር ስም የሚናገሩት ስለ መቄዶንያ ሳይሆን፣ እውነተኛ ንጉሥ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ነውና። ንጉሥን በግልጽ መምከር በሚያስፈራበት ዘመን፣ የሩቅ ንጉሥን ታሪክ አሳምሮ መጻፍ አንድ የምክር መንገድ ነው።

መጽሐፈ ስክንድስም የሚያሳዝንና የሚያስተምር ታሪክ አለው። ስክንድስ በጽርኡ ሴኩንዱስ የተባለ ፈላስፋ ነው። ከትምህርት አገር ተመልሶ እናቱን ሳታውቀው በክፉ ቃል ፈተናት፤ እርሷም ልጇ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ከኀፍረት የተነሣ ራሷን ገደለች። ስለዚህ ለጥፋት ያደረሰው አንደበቱ ነውና ዕድሜውን ሁሉ እንዳይናገር ለራሱ ወሰነ። በጽርኡ ታሪክ የሮም ቄሣር ሐድርያኖስ በሞት እያስፈራራ ሊያናግረው ቢሞክር እንቢ አለ፤ በጽሑፍ ግን ለጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ ሰጠ። በጽርኡ ጥቂት የነበሩት ጥያቄዎች በዓረብኛና በግዕዝ እጅግ በዝተዋል። ይህም አንባቢዎቹ መጽሐፉን ወድደው የራሳቸውን ጥያቄ እንደ ጨመሩበት ያስረዳል። አርምሞ ታላቅ ማዕርግ በሆነበት ገዳም ውስጥ ዝም ያለ ፈላስፋ መወደዱም አያስደንቅም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተረትና ስለ ምክር ነው። ፍትሐ ነገሥት ግን ሰውን ያስፈረደና ያስቀጣ፣ ንብረትን ያወረሰና ያካፈለ መጽሐፍ ነው። አል ሳፊ ኢብን አል አሳል የተባለው ግብጻዊ ሊቅ በ1238 በዓረብኛ ካዘጋጀው በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። ሥጋዊ ፍርድን ከሚመለከተው ክፍል ብዙው፣ በ9ኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ ከወጣው ከቀዳማዊ ባሲልዮስ ሕግ የተቀዳ ሲሆን፣ ያም ከሮም ሕግ የተወለደ ነው። በ533 የወጣው የዩስጢንያኖስ የሕግ መማሪያ፣ በተፈጥሮ ሕግ ሰው ሁሉ ነፃ ሆኖ ይወለዳል፤ ባርነት ግን ከጦርነት የመጣ ነው ይላል። ፍትሐ ነገሥትም ይህንኑ ሐሳብ ያስተምራል፤ ባሪያን ነፃ ማውጣትንም ከበጎ ሥራ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሮምም፣ ቁስጥንጥንያም፣ አገራችንም ይህን ቃል እያነበቡ ባሪያ ሲገዙና ሲሸጡ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ በመጽሐፍ መቀበሉና በኑሮ መቀበሉ ሁለት ነገር ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም፤ መልካም ሕግ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰው ሊበደል ይችላልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የዮሐንስ መደብር ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብጽ የኒቅዩስ ጳጳስ ነበር። ከአዳም ጀምሮ የግሪክንና የሮምን ነገሥታት ታሪክ እየተረከ፣ ዓረቦች ግብጽን እስከ ያዙበት ዘመን ድረስ ጻፈ። ዋናው ጽሑፍ ጠፋ። የዓረብኛውም ትርጉም ጠፋ። በ1602 በአገራችን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ተረፈ። ዞተንበርግ የተባለው ሊቅ በ1883 በፓሪስ ካሳተመው ጀምሮ፣ የግብጽን መያዝ የሚጽፍ የታሪክ ሊቅ ሁሉ ይህን የግዕዝ መጽሐፍ ሳይጠቅስ ማለፍ አልቻለም። የተርጓሚዎቹ ድካም ባይኖር ኖሮ፣ ለነገሩ እጅግ ቅርብ የነበረው ምስክር ቃሉ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ይኸው መጽሐፍ የሚያስጨንቅም ነገር ይዟል። በ415 በእስክንድርያ ሕዝብ የተገደለችውን ሂጳጥያ የተባለች የፍልስፍናና የሒሳብ መምህርት ታሪክ ሲናገር፣ ጸሐፊው አስማተኛ እንደ ነበረች አድርጎ ይተርካታል፤ በሞቷም አያዝንም። በዚያው በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቁስጥንጥንያው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ግን፣ እርሱም ክርስቲያን ሲሆን፣ ጥበቧን አመስግኖ፣ መገደሏም ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ነቀፋ እንዳመጣ ጽፏል። ሁለቱ ክርስቲያኖች ስለ አንዲት ሴት ሁለት ፍርድ ሰጡ። ከሁለቱ አንዱን መደበቅ የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም። የአቀባበል ትምህርት ዋጋው በዚህ ይታወቃል፤ የሚያስመሰግነንን ብቻ ሳይሆን፣ ተቀብለን ያስተላለፍነውን ሁሉ በሚዛን እንድናስቀምጥ ያስገድደናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የግዕዝ መጻሕፍትን ያሳተሙት የውጭ አገር ሊቃውንት ብዙዎቹ፣ ግዕዙን የሚፈልጉት የጠፋውን ጽርእ ለማግኘት ነበር። ውኃውን ቀድቶ ማሰሮውን እንደ መጣል ያህል ነው። የተለወጠውን ሁሉ ስሕተት፣ የተጨመረውን ሁሉ ትርፍ ነገር አሉት። ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ግን በአዲስ አበባ እያስተማሩ፣ ከ1974 ጀምሮ አንጋረ ፈላስፋን፣ ስክንድስንና ፊሳልጎስን ከሐተታዎቹ ጋር የኢትዮጵያ ፍልስፍና ብለው በአምስት ቅጽ ሲያሳትሙ፣ የእኛ ተርጓሚ ከገልባጭነት አልፎ ፈጣሪም ነው ብለው ተከራከሩ። አንድ ሰው በዚህ ስያሜ ላይይስማማ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ሊመለስ የማይችል ሆኗል።

ታዲያ ይህን ጥያቄ ዛሬ ማን ይመልሰው? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለከፍተኛ ማዕርግ በዚህ መስክ የሚደክም ተማሪ ግዕዝን፣ ጽርእንና ዓረብኛን ማወቅ አለበት። ሮማይስጥም ሳይቀር ያስፈልገዋል፤ ዲልማን በ1865 ያሳተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍችውን የሚሰጠው በሮማይስጥ ነውና። ሮም ራሷ በግዕዝ ደጃፍ ላይ ቆማ ታገኛለች ማለት ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት በ1948 ዓመተ ምሕረት የታተመው መዝገበ ቃላት ደግሞ፣ ከባህር ማዶ መዝገብ የማይገኘውን የመምህራን ትርጓሜ ይሰጣል። ሁለቱን አስተካክሎ የሚያነብ ሰው ግን ብርቅ ነው። ጽርእ የሚያውቀው የውጭ ተማሪ ቅኔ ቤት አልገባም፤ በቅኔና በመጽሐፍ ቤት ሃያ ዓመት የቆየው ሊቅ ደግሞ ጽርእ የሚማርበት ቤት አላገኘም። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ልጃችንም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ መካከል ቆሞ ይቀራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ተረት በእኛ ላይ የደረሰ ይመስላል።

ይህ ችግር የሚፈታበት መንገድ እንዳለው ግን አንድ የቆየ ታሪክ ያስረዳናል። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ1649 በሮም ከተማ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱና ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ግዕዝንና አማርኛን፣ የአገራቸውንም ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱም ከዚያ ጉባኤ የፈለቁ ናቸው። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የተመሠረተው እንግዲህ አንድ የሮማይስጥና የጽርእ ሊቅ፣ በአንድ የግዕዝ ሊቅ እግር ሥር ስለ ተቀመጠ ነው። ሉዶልፍም መምህሩን በመጽሐፉ ውስጥ በስም ጠርቶ አመስግኗል።

ዛሬ መሣሪያው ከዚያ ዘመን ይልቅ በዝቶልናል። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መርምረው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊሎሎጂ የከፍተኛ ማዕርግ ትምህርት ይሰጣል። የጎደለው የሰዎቹ መገናኘት ነው። ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በዚህ መስክ ለማስተር ወይም ለዶክተር የሚሠራ ተማሪ የተወሰነ ጊዜ በመጽሐፍ ቤት መምህር ፊት ቢቀመጥና ያ ጊዜ ከትምህርቱ ቢቆጠርለት፤ መምህሩም ቃሉ ተጽፎ ስሙ እንደሚረሳ ተጠያቂ ሳይሆን፣ እንደ መምህር ቢከበርና ደመወዝ ቢቈረጥለት፤ ከደቀ መዛሙርቱም መካከል ትጉሃን ተመርጠው ጽርእና ዓረብኛ ቢማሩ፣ ወጪው ጥቂት፣ ፍሬው ግን ብዙ ይሆናል።

ለካህናትም የምናሳስበው አለ። ብራና ከዕቃ ቤት ወጥቶ መጥፋቱ ስላስመረራቸው፣ አንዳንድ አለቆች ለማንም ላለመክፈት መወሰናቸው የሚፈረድበት አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ በሌባ ብቻ ሳይሆን በአይጥ፣ በዝናብና በእሳትም ይጠፋል። በጠባቂው ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ቅጂው በዚያው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀር ተደርጎ፣ ብራናው ወደ ስፍራው ቢመለስ፣ ጥበቃውም ጥናቱም ይሟላል። ዮሐንስ መደብርን የጠፋ መጽሐፍ ከመሆን ያዳነው መተርጐሙና መገልበጡ መሆኑ አይረሳ።

የግሪክና የሮም ጥበብ ወራሾች እነማን ናቸው ብለን ጠይቀን ነበር። መልሱ፣ የተቀበሉትና የሠሩበት ሁሉ ናቸው የሚል ነው። ማሕረምን አሬስ ብሎ የተረጐመው የአክሱም ጸሐፊ፣ አፍላጦንን በግዕዝ ያናገሩት አባ ሚካኤል፣ የሮምን ሕግ በግዕዝ እያነበበ የፈረደው ዳኛ፣ ሁሉም ከወራሾቹ ወገን ናቸው። ወራሽነት ግን በስም አይጸናም፤ ርስቱን ያላረሰ ሰው ባለ ርስት ነኝ ቢል ጎረቤቱ አያምነውም። የእኛን ድርሻ ሌሎች በሌላ ቋንቋ ጽፈው እስኪያስነብቡን ከጠበቅን፣ ታሪካችንን ከእንግዳ አፍ እንሰማለን። መምህርና ተማሪ፣ ብራናና መዝገበ ቃላት በአንድ ቤት ከተገናኙ ግን፣ ዓለም የሚፈልገው አንድ ታላቅ ምዕራፍ በሚያውቁት ሰዎች እጅ ይጻፋል።